ከወንድም ጋር መኖር የቀጥታ ድጋፍን ያስቀራልን?

ጥያቄ፦ እህቴ በልጅነቷ ባደረባት ሕመም ምክንያት እግሮቿ አይታዘዙላትም። ከእናታችን ጋር ስትኖር ቤታቸው ያለ ሥራ የሚከፈለውን የሴፍቲኔት ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ያገኝ ነበር። እናታችን ስታርፍ እኔ ወዳለሁበት ቀበሌ አምጥቼ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር አብራን ትኖራለች። እኛም በሴፍቲኔት ታቅፈን የማኅበረሰብ ሥራ እንሠራለን። ድጋፏ እንዲዛወርልን ስጠይቅ «ወንድሟ ጉልበት ስላለው አይመለከታትም» ተባልኩ። ከዘመድ ጋር መኖሯ መብቷን ያስቀራልን?
አንባቢ፣ ከደላንታ

መልስ፦ ከዘመድ ጋር መኖር በራሱ ማንንም ከሴፍቲኔት አያስወጣም፤ እህትዎ ድጋፉን የምታገኝበትን መንገድ ግን ይለውጠዋል። የተሰጠዎት መልስም ከጉዳዩ ግማሹን ብቻ የያዘ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚመዘግበው አንድን ግለሰብ ለብቻው ሳይሆን ቤተሰብን ነው። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጠው ለሥራ የደረሰ ጉልበት ለሌለውና ሌላ አስተማማኝ ደጋፊ ለሌለው ቤተሰብ በመሆኑ፣ እናትዎና እህትዎ ብቻቸውን ሲኖሩ መስፈርቱን ያሟሉ ነበር። ዛሬ ግን እህትዎ ሁለት ጎልማሶች ባሉበት ቤት፣ ከአንድ ድስት እየበላች ስለምትኖር፣ የቀድሞው ድጋፍ ለብቻዋ እንዲዛወር መጠየቅዎ ተቀባይነት ማጣቱ ከመመሪያው ጋር አይጋጭም።

የተዘለለው ግማሽ ይህ ነው፦ የእርስዎ ቤተሰብ ተጠቃሚ እስከሆነ ድረስ እህትዎ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ልትቆጠርና ክፍያው እርሷንም ታሳቢ ሊያደርግ ይገባል። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰባል፤ በእርሷ ስም የሚታሰበውን ግን እርሷ እንድትሠራ አትገደድም፤ እርስዎና ባለቤትዎ የምትሸፍኑላትም አንድ ጎልማሳ በወር እንዲሠራ ከተፈቀደው ቀን ሳያልፍ ነው። በአንድ ቤተሰብ ስም የሚመዘገበው ሰው ብዛት ጣሪያ ስላለው ግን፣ ልጆችዎ ብዙ ከሆኑ የእህትዎ ስም ከመዝገቡ እንዳይቀር አስቀድመው ያረጋግጡ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚከፈለው ለ12 ወራት ሲሆን፣ በሥራ የሚታቀፍ ቤተሰብ የሚያገኘው ለ6 ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ እህቱን ወደ ቤቱ ያስገባ ወንድም፣ እህትየው ብቻዋን ብትቀር ኖሮ ታገኝ የነበረውን የግማሽ ዓመት ድጋፍ ያጣል ማለት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፤ ወገኑን የሚያስጠጋ ሰው የሚጎዳበት አሠራርም መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ።

እህትዎ በግቢዎ ውስጥ የራሷ ጎጆ ቢኖራት፣ የብቻዋን ብታበስል፣ ከእናቷ የደረሳትንም መሬት በስሟ ይዛ በእኩል ብታሳርስ፣ ቀበሌው ራሷን እንደቻለች እማወራ ሊያያት ይችላል። መሬት ማሳረሷ ጉልበት አላት አያሰኝም፤ ምርቱ ግን እንደ ገቢ ይታያል። ይህ በእውነት የሆነ ሲሆን እንጂ ለመዝገብ ብቻ የሚባል መሆን የለበትም፤ የወሎ ቅሬ (እድር) የሚከፈለው በጎጆ ስለሆነ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር አገር ያውቀዋል፣ ያልሆነውን ማስመዝገብም እውነተኛውን ጥያቄዎን ያበላሽብዎታል።

በመጀመሪያ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ያውጡ፤ የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ እንደነበረችም በውስጡ ይጻፍ። ከጤና ተቋም የጉዳቷን ማስረጃ ይዘው፣ የተጠቃሚዎች ዝርዝር በሚታደስበት ጊዜ ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል በጽሑፍ ያመልክቱ። ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ፊት ስለሚነበብ፣ ቢቻል እህትዎ ራሷ ተገኝታ ትናገር። ስሟ ካልገባ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያም ለወረዳው ያቅርቡ። በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያም ሊያግዝዎት ይገባል።

የጤና መድኑንም በዚያው ይጠይቁ። በ2003 ዓ.ም. በደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬና በሌሎች ጥቂት ወረዳዎች መጀመሪያ የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነቱ በቤተሰብ ቢሆንም፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ተጨማሪ አባላት ለብቻ ያስከፍላል። የእርስዎ የመድን መታወቂያ እህትዎን ላይሸፍናት ስለሚችል፣ መዋጮው በመንግሥት ከሚከፈልላቸው የድሃ ድሃዎች መካከል እንድትካተት ወይም በእርስዎ መታወቂያ ላይ እንድትጨመር ከመታመሟ በፊት ያመልክቱ።