መልስ፦ ዲበገር (ፕሮግራምን እያስቆመ ውስጡን የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ ቆጣሪ++ (አንድ ጨምርበት) ብዬ ሳየው ሉፑ ለምን አንድ ዙር ይዘላል?

ወንድሜ፣ ዲበገሩን ጂዲቢን (GDB) «ፕሪንት ቆጣሪ++» ስትለው አሳይቶህ ብቻ አይተውም፣ የምር ይሠራዋል። ቆጣሪው 5 ከነበረ 5 ብሎ ያሳይህና እዚያው የቆመው ፕሮግራምህ ሜሞሪ ውስጥ 6 ያደርገዋል፣ ዙሩ የተዘለለብህም ለዚህ ነው። «ዲስፕሌይ» (ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር ዋጋውን የሚያሳይ ትእዛዝ) ላይ ካስገባኸውማ ጉድ ነው፤ ፕሮግራሙ በቆመ ቁጥር ይጨምራል። ለማየት ብቻ ከሆነ ቆጣሪ+1 በለው፣ ምንም አይነካም። ሆን ብለህ ዋጋ መቀየር ከፈለግክ «ሴት ቫር ቆጣሪ=3» ይሻላል። ደግሞ የብሬክፖይንት (ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት ያደረግክበት መስመር) ኮንዲሽን ላይ፣ ማለትም መቼ እንዲቆም የምትጽፈው ሁኔታ ላይ፣ አንድ እኩል ምልክት ብቻ እንዳትጽፍ! ቆጣሪ=5 ካልክ ዲበገሩ አያወዳድርም፣ 5ን ይሰጠዋል፤ 5 ደግሞ ዜሮ ስላልሆነ እንደ እውነት ይቆጠርና እዚያ መስመር በደረሰ ቁጥር ይቆምብሃል፣ ሉፑም ከ5 ፈቅ አይልም።