መልስ፦ ሰው የሞባይል መረጃ አገልግሎትን የሚለምደው ምን ሲያገኝ ነው?

«በጣና ዙሪያ ስልክ የሌለው ሰው እየጠፋ ሳለ የሞባይል መረጃ አገልግሎት ተጠቃሚው ለምን አነሰ?» ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት ምክንያቱ ከስልኩ ይልቅ ለገበሬውና ለዓሣ አጥማጁ በስልክ በሚቀርበው መረጃ፣ ማለትም በገበያ ዋጋውና በእርሻ ምክሩ ላይ ነው። የቴክኖሎጂ አጠቃቀም ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰው አዲስ ቴክኖሎጂ የሚቀበለው «ይጠቅመኛል» እና «አያስቸግረኝም» ብሎ ሲያምን መሆኑን አስረድቶ፣ ከሁለቱ ጥቅሙ እንደሚያመዝን አሳይቷል።

ይህ በእኛም አካባቢ ይታያል። ቆሮሶና አምባዛ አጥምዶ በማለዳ ወደ ባሕር ዳር የሚያመጣ ዓሣ አጥማጅ የሚሻው የዛሬን ዋጋ ነው፤ ዓሣው ስለማይቆይለት፣ አንድ ጊዜ የትናንቱን ዋጋ የነገረውን አገልግሎት ትቶ ለሚያውቀው ነጋዴ መደወልን ይመርጣል፤ እንዲህ በማድረጉም ፈጽሞ አልፈርድበትም። የፎገራ ሩዝ አምራች ግን ምርቱን ጎተራ አስገብቶ ገበያውን መጠበቅ ስለሚችል፣ ለእርሱ የሳምንት መረጃም ዋጋ አለው።

ቀላልነትን በተመለከተ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የ8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ምክሩ በአማርኛ ጭምር በድምፅ ስለሚሰጥ፣ ማንበብ የማይችል ገበሬም በተራ ስልኩ ቁጥር እየተጫነ ሊሰማው ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እምነት ነው። ገበሬው ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ የሰማውን በማሳው ላይ የሚሞክረው፣ ጎረቤቱ ሞክሮት ሲያይ ወይም የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሲያረጋግጥለት ነው። የቤቱ ስልክ በባልየው እጅ ከሆነ ደግሞ፣ የጓሮውን አትክልት የምትንከባከበው ሚስት መልእክቱ መምጣቱንም ላትሰማ ትችላለች።