የድሮ ዲቲ የፊት ቸርኬ መሃል ማስያዝ፦ ጥያቄና መልስ

ያማሃ ዲቲ፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ሱዙኪ ቲኤስ፦ እነዚህ የድሮ ሞተሮች ለሰሜን ሸዋ ኮረኮንች የተሠሩ ይመስለኛል። በአንድ በወላገደ ቸርኬ (ጎማው የሚለብሰው ክብ ብረት) ምክንያት ጥግ ይዘው ሲቀሩ ማየት ያሳዝነኛል። ስለ ፊት ራጂ (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች) የላካችሁትን ጥያቄ እነሆ እመልሳለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ ዲቲ 125 አለኝ። የፊት ቸርኬው ስለዛገ ራጂዎቹን ፈትቼ ልቀይረው ነው። ከየት ልጀምር?

ቆይ፣ ገና አትፍታው! መጀመሪያ ለካ። ብዙ ሰው የቸርኬው መሃልና የሞዞው (ራጂዎቹ የሚሰኩበት እምብርት) መሃል አንድ ይመስለዋል። በታምቡር ፍሬን የሚሠራ የፊት ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ቸርኬው መሃል መሆን ያለበት በሁለቱ የሹካ እግሮች (ጎማውን ግራና ቀኝ በያዙት ቱቦዎች) መካከል ነው።

ቀጥ ያለ ብረት በፍሬኑ በኩል ባለው የሞዞ ጠርዝ ላይ አጋድም። ከብረቱ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ለክተህ ጻፍ። በአራት ቦታ ለካና አማካዩን ያዝ፤ አሮጌው ቸርኬ ራሱ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ራጂዎቹ እንዴት እንደተጠላለፉ በስልክህ ከሁለቱም በኩል ፎቶ አንሳ። ከዚህ በኋላ ፍታ።

ከመሐል ሜዳ፦ እኔ ሳልለካ ፈትቼዋለሁ። አበቃልኝ?

አላበቃልህም። ራጂዎቹን ላላ አድርገህ ሸምናቸው። ከዚያ ጎማውን ሳታለብስ ቸርኬውን ሹካው ላይ ሰካው። ፍሬኑ፣ የኪሎሜትር መቁጠሪያው ማርሽና ስፔሰሩ ሁሉም ቦታቸው ይግቡ። አንዱ ከጎደለ ልኬቱ ውሸት ነው። ፔርኖውን (በሞዞው መሃል የሚያልፈውን ዘንግ) አጥብቅና ከግራና ከቀኝ የሹካ እግር እስከ ቸርኬው ያለውን ክፍተት ለካ። እኩል መሆን አለበት። ይህ የሚሠራው ሹካው ቀጥ ያለ ከሆነ ብቻ ነው።

ቸርኬው ወደ ቀኝ ካደላ በቀኝ የሞዞ ጎን ያሉትን ራጂዎች በሙሉ ሩብ ዙር አላላ፤ የግራዎቹን ሩብ ዙር አጥብቅ። ሁልጊዜ ማላላቱ ይቅደም። ሳታላላ ብቻ እያጠበቅክ ከሄድክ ዳዶው (ራጂው ጫፍ ላይ ያለው ማጥበቂያ) ይበላል፣ ቸርኬውም ይጎብጣል።

ከደብረ ሲና፦ የማጥበቂያው አቅጣጫ ሁልጊዜ ይምታታብኛል።

የብዙ ሰው ችግር ነው እህቴ። ጎማው በሚቀመጥበት በኩል ሆነሽ በካቻቢቴ ስታዞሪ፣ በሰዓት አቅጣጫ ይጠብቃል። ከሞዞው በኩል እያየሽ በራጂ ቁልፍ ስታዞሪ ደግሞ ተቃራኒ ይመስላል። አንዱን ዳዶ በጠመኔ ምልክት አድርጊና ሞክሪው፤ እጅሽ ይለምደዋል።

ከዓለም ከተማ፦ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል፣ ወደ ጎንም ይወላገዳል። የቱን ላስቀድም?

ከሁለቱም በፊት ኩሽኔታውን (ሞዞው የሚሽከረከርበትን በሪንግ) እይ። ቸርኬውን ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው። ከተንገጫገጨ ኩሽኔታው አልቋል፤ በዚያ ላይ ራጂ ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ሹካው እግር ላይ ሽቦ አስረህ ጫፉን እንደ ጠቋሚ ወደ ቸርኬው አስጠጋ። መዝለሉን አስቀድም። ከሞዞው በራቀው ቦታ የግራውንም የቀኙንም ራጂ በጥቂቱ አጥብቅ፤ በትይዩው ያሉትን ትንሽ አላላ። ከዚያ ወደ ጎኑ ሂድ፦ ወደ ቀኝ በወጣበት ቦታ የቀኙን አላልተህ የግራውን አጥብቅ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፍ። አንዱን ስትነካ ሌላው ስለሚንቀሳቀስ ደጋግመህ ለካ። በብዙ ማኑዋል የተፈቀደው ልዩነት በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። እኔ ግን ከ1 በታች ሳይወርድ አለቅም፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ እጀታው ላይ ልዩነቱ ይሰማሃል።

በመጨረሻ ራጂዎቹን በቁልፍ እየነካህ አዳምጥ። እንደ ክራር ጅማት ጥርት ያለ ድምፅ ይስጡ። አንዱ ደፈን ካለ ላልቷል፤ በጣም ከቀጠነ ጫናውን ብቻውን ተሸክሟል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ዳዶዎቹ ዝገው አልዞር አሉ።

ዘይት አጠጣቸውና አሳድራቸው። በማግስቱ ቀስ ብለህ መታ መታ አድርግና ሞክር። አሁንም እምቢ ካለ ያንን ራጂ በሴጌቶ ቁረጠው። ዳዶው ላይ ፒንሳ ግን አታስጠጋ፣ ጠርዙን ይበላዋል። አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የውስጥና የውጭ ራጂ አንገቱ አይመሳሰልም፤ ርዝመቱም ሊለያይ ይችላል።

ከደብረ ብርሃን፦ ቸርኬው ተስተካክሏል፤ ጎማው ግን አሁንም ይወዛወዛል።

ጎማው በደንብ አልተቀመጠም። ጠርዙ አጠገብ ዙሪያውን የሚሄደውን ቀጭን መስመር እይ፤ ከቸርኬው እኩል መራቅ አለበት። ነፋሱን አውጣ፣ ጠርዙን ሳሙና ቀባ፣ እንደገና ንፋ። ለነገሩ ካላማዳሪውን (የውስጥ ጎማውን) ከማስገባትህ በፊት ከዳዶው አልፎ የወጣ የራጂ ጫፍ በሞረድ አስተካክለሃል? ካላማዳሪውን ከዳዶዎቹ የሚከልለው የቸርኬው የጎማ ቀበቶስ አለ? እነዚህ ከተረሱ በሳምንቱ ጎሚስታ ጋ ነህ።

ከመሐል ሜዳ፦ ከተስተካከለ በኋላ መቼ ልየው?

አዲስ ራጂ መጀመሪያ ላይ ይላላል። 50 ኪሎሜትር ገደማ ስትነዳ አቁምና ሁሉንም በድምፅ ፈትሽ። የላላውን ብቻ በጥቂቱ አጥብቅ፤ ልኬቱን ደግመህ እይ። ከዚያ በኋላ ድንጋያማ መንገድ ከነዳህ ቁጥር ማዳመጥ በቂ ነው።