ጥቁር ለሚመስለው ጋርኔት

ልጆቼ፣

በሰሜን ሸዋው የመዘዞ ኦፓል እጃችሁን አፍታታችሁ ወደ ጋርኔት፣ ወደዚህ ጥቁር ቀይ የከበረ ድንጋይ፣ መሸጋገራችሁ ደስ ያሰኛል። ግን ልማዳችሁን ይዛችሁ አትግቡ። ኦፓል ሲለሰልስ እጃችሁ ቀለሙ ወዳለበት ይሄዳል። የጋርኔት ቀለም ከየትም ብታዩት አንድ ስለሆነ ድምቀቱ የሚመጣው በላዩ ከምትቆርጧቸው ጠፍጣፋ ገጾች ማዕዘን ነው።

ድንጋዩን ከምትሞርዱበት ዲስክ ላይ ከውኃው ጋር የሚወርደውን ጭቃ አስተውሉት፤ ነጣ ያለ ነው። ድንጋዩን ያጠቆረው ውፍረቱ ነው ማለት ነው። ብርሃን ከላይ ገብቶ፣ ታች ተመትቶ ስለሚመለስ ያንን ውፍረት ሁለቴ ያቋርጣል። ጥሬውን ስትመርጡ የእጅ ባትሪ አያታልላችሁ፤ ጥቁሩን ሁሉ ቀይ ያስመስለዋል። ውኃ ነክራችሁ ወደ መስኮት አንሡት። አልቆ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ካሰባችሁ፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥሬ በቀን ብርሃን ቀይ ሆኖ መታየት አለበት። ካልታየ አሳንሱት። ክብደቱ እንደሚያሳሳ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስፋቱ 5 ሚሊሜትር ሆኖ የሚያበራ ድንጋይ 9 ሚሊሜትር ሆኖ ከሰል ከሚመስል ይሻላል።

ለክብ ቅርጽ፣ ድንጋዩን በእኩል እያዞረ በሚያቆመው ባለ 96 ጥርስ ማርሽ የታችኛዎቹን ስምንት ዋና ገጾች በ96፣ በ12፣ በ24 እያላችሁ በየ12 ጥርሱ ቁረጡ። ማዕዘናቸው 40 ዲግሪ ገደማ ይሁን። አልማንዲን በሚባለው ጋርኔት ወሰኑ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ከወረዳችሁ ብርሃኑ በታች ያመልጣል፣ መሐሉም እንደ መስኮት ባዶ ይሆናል። ጥልቀት መቀነስ ያለባችሁ ከላይ ነው፦ የላይኛዎቹን ዋና ገጾች ወደ 30 ዲግሪ አውርዱ። ወገቡን፣ የላይና የታች ገጾች የሚገናኙበትን ዙሪያ፣ ግን እንደ ምላጭ አታሳሱት፣ ይሸረፋል።

ለትንሽ ድንጋይ በ600 ዲስክ ጀምሩ (ቁጥሩ ሲጨምር የዲስኩ ፍሬ ይደቅቃል)፤ ሸካራው ጠርዙን ይገምጠዋል። ከዚያ 1200፣ ቀጥሎ 3000። ማብረቂያው 60,000 የአልማዝ ዱቄት ወይም 0.3 ማይክሮን አልሙኒየም ኦክሳይድ ይሁን፤ ለኦፓል የለመዳችሁት ሴሪየም ኦክሳይድ እዚህ ይደክማል። ዲስክ በቀየራችሁ ቁጥር እጃችሁን፣ ድንጋዩንና መያዣውን እጠቡ። አንዲት የ600 ፍሬ ማብረቂያው ላይ ከቀረች ገጹን ከዳር እስከ ዳር ትጭረዋለች፣ ያኔ ወደ 3000 መመለስ ግድ ነው።

የደብረ ብርሃን ጠዋት ውርጭ ድንጋዩን ከመያዣው ጋር የሚያጣብቀውን ሰም ተሰባሪ ስለሚያደርገው ድንጋዩ በሥራ መሐል ተላቅቆ ይወድቃል። ድንጋዩን ከመለጠፋችሁ በፊት ሰሙ ሲነካው እስኪቀልጥ ድረስ ከመብራት እሳት ራቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አሙቁት። ከዚያ ራሱ ይቀዝቀዝ፤ እንደጋለ ውኃ ካገኘው ይሰነጠቃል።