ብሉክራንስን በስንት ሰዓት እንሻገር?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አምስት ጓደኛሞች ነን። ደቡብ አፍሪካ ያለው ኦተር ትሬል የሚባለው የብዙ ቀን የባሕር ዳር የእግር ጉዞ ላይ ከስንት ጊዜ ጥበቃ በኋላ ቦታ አግኝተናል፣ ግን 4ኛው ቀን ላይ ወደ ባሕሩ በሚገባበት ቦታ በእግር የምንሻገረው የብሉክራንስ ወንዝ እንቅልፍ ነስቶናል፣ አንዷ ጓደኛችን ዋና ብዙም አትችልም። የባሕሩን መሙያና መሸሻ ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ በዛን ቀን ባሕሩ ሸሽቶ የመጨረሻ ዝቅ የሚለው 9፡30 ላይ ነው ይላል። ገመድ ገዝተን ወገባችን ላይ ተሳስረን እንሻገር ብለናል፣ ምን ትሉናላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በቀን 12 ሰው ብቻ ነው እኮ የሚያስገቡት። መጀመሪያ ግን ገመዱን ወገባችሁ ላይ እንዳታስሩት፣ አንዷ ከወደቀች ገመዱ ውሃ ውስጥ ይዞ ያስቀራታል፣ ሌሎቻችሁንም ይጎትታል።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። 9፡30 ያላችሁት በፈረንጅ ነው፣ በኛ ከጠዋቱ 3፡30 ማለት ነው፣ ይቺን አምስታችሁም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩባት ምክንያቱም አንዱ በሀበሻ አንዱ በፈረንጅ ቆጥሮ በ6 ሰዓት ቢሳሳት ባሕሩ ከሸሸበት እስኪሞላ የሚፈጅበት ጊዜ ራሱ 6 ሰዓት ከምናምን ስለሆነ ልክ ሲሞላ ነው የምትደርሱት። ደሞ የ4ኛውን ቀን ሰዓት እንጂ የጀመራችሁበትን ቀን አትያዙ፣ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፣ በሦስት ቀን 2 ሰዓት ተኩል ሆነ ማለት ነው።

ከ3ኛው ማደሪያ እስከ ወንዙ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል ግን ዳገት ቁልቁለት ነው፣ ድንጋይ ለድንጋይ መዝለል አለ፣ እኔ 5 ሰዓት ያዙ ነው የምለው። ወንዙ ጋ ከጠዋቱ 2፡30 መድረስ አለባችሁ፣ ስለዚህ ከሌሊቱ 9፡30 ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ አብርታችሁ መነሳት ነው፣ ሌላ መላ የለውም። ያቺን አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ አትናቋት፣ ባሕሩ ገና እየሸሸ ሳለ ወንዙ ሰውን ወደ ባሕር ነው የሚገፋው፣ ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ፣ ማዶ የምትወጡበትንም ቦታ ቀድማችሁ በዓይን ምረጡ።

የዛ አገር ወንዞች ውሃ ከዕፅዋቱ በሚወጣው ቀለም ምክንያት ልክ እንደ ሻይ ነው፣ የምትረግጡትን አታዩም። እኔ ስሻገር ውሃው ወገቤ ጋ ሲደርስ ቆም አልኩ፣ ያኔ አሸዋውን ከተረከዜ ስር እየጠረገ ሲወስደው ተሰማኝ፣ በቆምኩ ቁጥር እየሰመጥኩ፣ ከዛ በኋላ አልቆምኩም። ጫማ አታውልቁ፣ በዱላ ቀድማችሁ እየነካችሁ እግራችሁን ሳታነሱ ጎተት እያደረጋችሁ ሂዱ። የቦርሳውን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱት፣ ከወደቃችሁ ቦርሳው ከላያችሁ ቶሎ መውረድ አለበት። ዋና የማትችለዋን መሀል አድርጋችሁ ክንድ ለክንድ ተያይዛችሁ ተሻገሩ፣ ቦርሳዋን ደሞ ጎበዙ ዋናተኛ ያሻግርላት።

የሚያድሩበት ልብስና የእንቅልፍ ቦርሳ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይታሸግ። አብራኝ የነበረችው ልጅ በተራ ፌስታል ጠቅልላው ቀዳዳ ኖሮት ሙሉ ለሙሉ ረጠበባት፣ የመጨረሻውን ሌሊት በአንድ የእንቅልፍ ቦርሳ ለሁለት ተሸፍነን ስንንቀጠቀጥ አደርን።

ቀድሞ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ከሆነ ግን የሰንጠረዡ ሰዓት ብቻውን አያድናችሁም። ወንዙ ግንድና ቅጠል ይዞ የሚወርድ ከሆነ አትግቡበት፣ ከወንዙ ወዲህ ምልክት የተደረገበት የአደጋ ጊዜ መውጫ አለ፣ በሱ ወደ ላይ ውጡ። ጓደኛችሁም ዳር ላይ ቆማ አይታው አልችልም ካለች አታባብሏት፣ አምስታችሁም አብራችሁ ውጡ።