መከታ ቡችላዋን ሊበላት ነው?

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። መከታ የሚባል ወንድ ውሻ አለን፣ 9 ዓመቱ ነው። ቀን ሰንሰለት ላይ ይውላል፣ ማታ ይፈታና ግቢ ይጠብቃል። ሰፈራችን ጦሳ ሥር ስለሆነ ጅብ ይመላለሳል፣ እሱ ደግሞ እያረጀ ነው። እና አጎቴ ከኮምቦልቻ አንዲት ቡችላ አመጣልን፤ ሁለት ወር ይሆናታል። ወላሂ ሰላም አጣን። እሷ ጆሮውን ልትይዝ ትሮጣለች፣ እሱ ያጉረመርማል። ባለፈው አጥንት እየጋጠ ሳለ ስትጠጋው ደፈቃት፤ አልነከሳትም፣ ግን ጩኸቷ ሰፈር ሰማው። እህቴ መከታን በዱላ አለችው። እማ ደግሞ ውሻ ቤት ውስጥ ድርሽ አይልም ብላለች። ቡችላዋን ልመልሳት ወይስ ይለምዳታል?
ግራ የገባው

መልስ፦ ወአለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። አብሽር፣ ሊበላት አይደለም። ሊበላት ቢፈልግማ የሁለት ወር ቡችላ ምኑ ናት? ደፍቆ ለቀቃት ማለት ሥርዓት አስተማራት ማለት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሰንሰለቱ ነው። ልጅ ሆኜ እኛም ቤት የታሰረ ሽማግሌ ውሻ ነበር። ሰንሰለቱ የሚደርስበትን መሬት ክብ አድርጎ ላጭቶት፣ ሣር የሚባል አይበቅልበትም። አዲስ ቡችላ ሲመጣ ይተዋወቁ ብዬ ራሴ እዚያ ክብ ውስጥ ለቀቅኳት። ሽማግሌው መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ከዚያ አዛጋ፣ ከንፈሩን ላሰ፣ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ቆሜ እስቃለሁ። ለካ እነዚያ ሁሉ «ኧረ ውሰዱልኝ» ነበሩ! መሄጃ ሲያጣ ጆሮዋን ያዛት፤ እስክታረጅ ድረስ ጆሮዋ ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም፣ ስለዚህ የሚቀረው መንከስ ነው። መከታ ታስሮ እያለ ቡችላዋ አጠገቡ አትድረስ። በቃ።

እማን አትከራከራት። የፈረንጅ ምክር «ቡችላዋን ሌላ ክፍል አስገቧት» ይላል፣ እኛ ጋ ውሻ የግቢ ነው፣ ግቢም ይበቃል። የማገዶ ቤት ካላችሁ ጥግ ላይ በጣውላና በዶሮ ሽቦ ከልልላት። ጆንያ ደራርበህ አንጥፍ፣ የደሴ ብርድ መቼም ለትልቅ ሰውም አይሆን። ማታ እሱ ሲፈታ እሷ ይዘጋባት። አንድም አብረው ብቻቸውን እንዳያድሩ ነው፣ አንድም ለጅቡ።

ከዚያ በማሸታተት ጀምር። ቡችላዋ የተኛችበትን ጆንያ አውጥተህ ከመከታ ትንሽ ራቅ አድርገህ ጣልለት፣ እያሸተተው እያለ የሚወደውን ነገር ወርወር አድርግለት። የእሱንም ጨርቅ ለሷ ስጣት። እንዲህ ሁለት ሦስት ቀን ሳይተያዩ ይቆዩ።

የመጀመሪያው መገናኛ የእናንተ ግቢ ባይሆን ይሻላል፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ። ውሻ የሌለው ጎረቤት ለምንና እዚያ ግቢ አገናኛቸው። መንገድ ላይ ግን አይሆንም፣ ቡችላዋ ክትባቷን ሳትጨርስ የመንገድ ውሻ የሚያልፍበትን መሬት መርገጥ የለባትም፤ ፓርቮ የሚባለው ተቅማጥ ቡችላ አይምርም። አቅፈህ ውሰዳት፣ ስትደርስ ግን አውርዳት። ከፍ አድርገህ ይዘሃት እሱ ወደ ላይ እንዲያንጋጥጥ አታድርግ፣ ለመዝለል መጋበዝ ነው። አንተ መከታን በገመድ ያዝ፣ እህትህ ቡችላዋን። ገመዱ ይላላ! ከተወጠረ አንገቱ ላይ የሚሰማው ያንተ ፍርሃት ነው። ዝም ብላችሁ ጎን ለጎን፣ ራቅ ራቅ ብላችሁ ሂዱ። ጭራው ላላ ብሎ ኋላዋን ካሸተተ ጥሩ ነው። ድርቅ ብሎ ካፈጠጠባት ወይም የጀርባው ጸጉር ከቆመ፣ ሳትጮህ ጠርተኸው ራቅ። ለመጀመሪያ ቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ በማግስቱ ትደግመዋለህ።

ዱላውን ከእህትህ ላይ ተቀበላት። ማጉረምረሙ ንግግሩ ነው፣ «ተይኝ» እያለ ነው። በዱላ ካስተዋችሁት ሌላ ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ «ክፉ ሆነ» ትሉታላችሁ። ሲያጉረመርም ቡችላዋን ነው ማንሳት።

አጥንት ለጊዜው ከግቢው ይጥፋ። ምግብም በየፊናቸው፣ ሳይተያዩ፣ ለሱ ቀድሞ። ሰላም ስትልም እሱን አስቀድም። የ9 ዓመት ውሻ መገጣጠሚያው ሊያመው ይችላል፣ ላዩ ላይ ስትዘል የሚቆጣው ምናልባት ስለሚያመው ነው። ቡችላ በቀን እስከ 18፣ 20 ሰዓት ትተኛለች፤ እሷ ስትተኛ እሱን ፈታ አድርገህ ትንሽ አናፍሰው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ለማንም ትዕግሥት የለውም፣ አንተ ብትሆንስ?

የእንስሳት ሐኪም ጋ ሁለቱንም ውሰዳቸው። ቡችላዋ የትል መድኃኒትና ተከታታይ ክትባት ያስፈልጋታል፣ ሦስት ወር ሲሞላት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። መከታም ካልተከተበ አብሮ ይከተብ። ሲጣሉ እጅህን መሃላቸው አታስገባ። ማንንም ከነከሱ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ፤ «የራሳችን ውሻ ነው» ብሎ ማደር የለም።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ካልከኝ፣ አንዳንዱ በሳምንት ይለምዳል፣ አንዳንዱ ወር አልፎትም ይኮሳተራል። ወንድና ሴት መሆናቸው ይረዳሃል፣ ግን ስድስት ወር አካባቢ ወንድ የምትፈልግበት ወቅቷ ሊመጣ ስለሚችል ያኔ ሌላ ጣጣ አለ፤ ለሐኪሙ አሁኑኑ አንሳለት። ደም ካፈሰሰ ወይም ይዞ ካራገፋት ግን ለያይተሃቸው ጻፍልኝ፣ ያኔ መመለሱን እናወራለን።