ድመቷ ከወለደች በኋላ በሩ መቼ ይከፈትላት?

ጥያቄ፦ ድመታችን አራት ልጆች ወልዳ አራተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ከመውለዷ በፊት እንደልቧ ትወጣና ትገባ ነበር። ሰሞኑን ልጆቿን ካጠባች በኋላ በሩ ሥር ተቀምጣ ትጮኻለች፤ ማታ ማታማ እንቅልፍ ነስታናለች። ብንከፍትላት ልጆቿን ትታ እንዳትጠፋ ፈራን፤ ስንዘጋባት ደግሞ ታሳዝነናለች። ለትንሽ ጊዜ ብትወጣ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አትክፈቱላት። ልጆቹ ጡት እስኪጥሉ፣ እሷም የማምከን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ቁስሏ እስኪድን ቤት ትቆይ። ትታቸው ትጠፋለች የሚለው ስጋታችሁ ግን ዋናው ምክንያት አይደለም። ጤነኛ እናት ድመት ካልተጎዳች ወይም የሆነ ቦታ ካልተዘጋባት በቀር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። የሚያስፈራው አርግዛ መመለሷ ነው።

የምታጠባ ድመት አታረግዝም የሚል እምነት በብዙ ቤት አለ፤ ልክ አይደለም። ማጥባት የስሪያ ፍላጎትን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። አንዳንዷ ልጆቿ የአንድ ወር ሳሉ፣ ወተቷ ሳይነጥፍ ወንድ ትፈልጋለች። የድመት እንቁላል ደግሞ የሚለቀቀው ስሪያው ራሱ ሲቀሰቅሰው ስለሆነ፣ በፍላጎቷ ወቅት ለአጭር ጊዜ ደጅ መውጣቷ ለማርገዝ ይበቃታል። እርግዝናው 9 ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ዛሬ ብታረግዝ እንግዲህ የአሁኖቹ ልጆች 3 ወር እንደሞላቸው ሌሎች ትወልዳለች ማለት ነው። ገና እያጠባች በሆዷ ሌላ የምትሸከም እናት ሰውነቷ የሚያገግምበት ጊዜ አያገኝም፤ እሷም ትከሳለች፣ የሚወለዱትም ደካማ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጩኸቷም ራሱ የዚሁ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በደንብ አስተውሏት። ወንድ የፈለገች ድመት ድምፅዋ ወፍራምና ረጅም ይሆናል፤ ወለሉ ላይ ትንከባለላለች፤ ወገቧ አካባቢ ስትዳብሷት የፊት እግሮቿን ዝቅ፣ ኋላዋን ከፍ አድርጋ ጅራቷን ወደ ጎን ትጥላለች። ይህ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ይቆይና ካልተጠቃች ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል። መውጣት ብቻ ያማራት ድመት ግን በር ትቧጭራለች፣ መስኮት ላይ ታፈጣለች፤ ምግብ ወይም ጨዋታ ሲመጣ ትረሳዋለች።

ሦስተኛ ምክንያትም አለ፤ እሱን አትለፉት። ከልጆቿ የምትሸሽ እናት ጡቷ አሟት ሊሆን ይችላል። በየቀኑ እያንዳንዱን ጡት በእጃችሁ ዳብሱ፤ የጋለ፣ የጠጠረ ወይም የጠቆረ ካገኛችሁ ብግነት ነውና ሐኪም ያስፈልጋታል። ከወለደች በኋላ ቀይ ቡናማ ፈሳሽ እየቀነሰ እስከ 3 ሳምንት ቢታይ ያለ ነው፤ ከሸተተ ወይም መግል ከመሰለ ግን የማሕፀን ኢንፌክሽን ነው። ከተንቀጠቀጠች፣ እግሮቿ ደርቀው ስትራመድ ከተንገዳገደች በደሟ ያለው ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ከእርግዝናው ሌላ፣ ከደጅ ይዛ የምትመለሰው ነገር አለ። ከወንድ ድመቶች ጋር ስትጣላ በንክሻ የሚተላለፍ የበሽታ መከላከል አቅምን የሚያዳክም ቫይረስ አለ፤ በምራቅና በወተት ወደ ልጆቿ የሚሄድ የድመት ሉኪሚያ ቫይረስም አለ። ቁንጫ ለትልቅ ድመት ማሳከክ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ላልሞላ ግልገል ግን ደሙን ጨርሶ ሊገድለው ይችላል። ድዳቸው የነጣ እንደሆነ ተመልከቱ። ቁንጫ ካለ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የቁንጫ ማበጠሪያ አበጥሯቸው፤ ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ግን እናቲቱንም ልጆቹንም ስለሚመርዝ ወደ ቤት አታስገቡት። ልጆቹ ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ እየሳሳ የሚሄደው ክትባታቸው ሳያልቅ ነው። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላቸው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል፤ በዚህ መሐል ያለው ጊዜ በጣም የሚጋለጡበት ነው። ወስፋት ደግሞ በወተት ስለሚተላለፍ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እናቲቱም ልጆቹም የትል መድኃኒት ይውሰዱ። መጠኑ በክብደት ስለሆነ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኗቸው።

አሁን ቤት ውስጥ እንዴት ትረጋጋ? በአራተኛው ሳምንት ልጆቹ መራመድ ስለሚጀምሩ እናቲቱ በሄደችበት ይከተሏታል፤ ጩኸቷ ብዙ ጊዜ እረፍት ፍለጋ ነው። ግልገሎቹ የማይደርሱበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ጨርቅ አንጥፉላት። በየጊዜው ልጆቿን ትታ እዚያ ብትተኛ አትጨነቁ። ምግቧ ከመደበኛው ሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ለግልገሎች የተዘጋጀው ምግብ ጉልበትና ፕሮቲን ስለሚበዛበት ለእሷም እሱ ይሻላታል። ቀኑን ሙሉ አይነሳባት። ውሃ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ከመጸዳጃ ሳጥኗ ራቅ አድርጋችሁ። ሳጥኑን በቀን ሁለቴ አጽዱ። ልጆቹም መጠቀም ስለሚጀምሩና አሸዋውን ስለሚቀምሱት፣ እርጥበት ሲነካው የሚጓጉለውን ዓይነት ለጊዜው ተዉት።

ቀድሞ ትወጣበት ከነበረው ሰዓት 15 ደቂቃ ያህል ቀደም ብላችሁ በክር የታሰረ ነገር እየጎተታችሁ አጫውቷት፤ ወዲያው አብሏት። ጮኻ ጮኻ ስትጨርስ አንድ ጊዜ ከተከፈተላት ግን መጮህ በር እንደሚያስከፍት ትማራለች፤ ነገ ከዛሬው ረዘም አድርጋ ትጮኻለች። የቤተሰቡ አባል ሁሉ አንድ አቋም ይኑረው። መስኮቶቹንም ፈትሹ፤ አንዴ ካመለጠች ደጅ የተሸሸገ ቦታ ትመርጥና ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ልታሸሻቸው ትችላለች።

ልጆቹ 4 ሳምንት ሲሞላቸው የራሰ ምግብ በዝርግ ሳህን መቅመስ ይጀምራሉ፤ በ8ኛው ሳምንት ገደማ ጡት ይጥላሉ። ወተቷ እስኪደርቅ 2 ሳምንት ያህል ጠብቁና አስመክኗት። ጡቱ አብጦ ሳለ ሆዷን መክፈት ለሐኪሙም አስቸጋሪ ነው። ከዚያ በፊት የስሪያ ፍላጎት ካሳየች ግን አትጠብቁ፤ በጎኗ በኩል መሥራት ስለሚቻል ለሐኪሙ እያጠባች መሆኑን ንገሩት። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ቤት ትቆይ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ጊዜው ያላለፈበት ከሆነ በሩ ሊከፈትላት ይችላል፤ የመጀመሪያው ቀን ምግብ ሳትበላ፣ በቀን ብርሃን ትውጣ። ሲርባት ስትጠሯት ትመጣለች።

ጥያቄ፦ ድመቴ ከወለደች 6 ቀኗ ነው። ትናንት ማታ በተከፈተ መስኮት ወጥታ እስካሁን አልተመለሰችም። ልጆቿ ያለቅሳሉ። ወተት ልስጣቸው?

መልስ፦ ከወተቱ በፊት ሙቀት ይቅደም። በመጀመሪያው ሳምንት ግልገል የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል መተኛው ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት። ጣትዎን አፉ ውስጥ ያስገቡ፤ ከቀዘቀዘ አይመግቡት፤ የቀዘቀዘ ሆድ ወተት አይፈጭም፣ ወደ ሳንባውም ሊገባ ይችላል። ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በሳጥኑ አንድ ጎን ብቻ ያድርጉ፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታ ይኑር። በዝግታ ይሙቁ።

ከሞቁ በኋላ ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ያስፈልጋል። የላም ወተት ፕሮቲኑና ቅባቱ ያንሳቸዋል፤ የወተት ስኳሩ በዝቶባቸው ያስቀምጣቸዋል። 100 ግራም ለሚመዝን ግልገል በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሊትር፣ በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይሰጣል። በሆዱ አስተኝተው እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባው አስተኝተው አያጥቡት። ከእያንዳንዱ መጥባት በኋላ ሞቅ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ከጅራቱ ሥር በቀስታ ይሹት፤ ያለዚያ ሽንቱን መሽናት አይችልም። በየቀኑ ይመዝኑ፤ ከ10 እስከ 15 ግራም ሊጨምር ይገባል።

ጎን ለጎን እናቲቱን ይፈልጉ፦ የጎረቤት መጋዘን፣ ጋራዥ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ጣሪያ ሥር። የልጆቿን ልቅሶ በስልክ ቀድተው መስኮቱ አጠገብ ያሰሙ። ስትመለስ ቁስል እንዳለባት አይተው ልጆቿን አጠገቧ ያድርጉ። የሰው እጅ የነካቸውን ትጥላለች የሚባለው አያስጨንቅዎት፤ እያላሰች ትቀበላቸዋለች።

ጥያቄ፦ እናቲቱን በር ዘግተንባታል፤ ወንዱ ግን እዚያው ቤት ነው። ልጆቹም የእሱ ናቸው። ችግር አለው?

መልስ፦ ከሆነ በሩ የተዘጋው በከንቱ ነው፤ በሌላ ክፍል ይለዩት። ግልገሎቹንም ሊጎዳ ይችላል። ቶሎ ቢኮላሽም ዘሩ ለጥቂት ሳምንታት በሰውነቱ ስለሚቆይ ከቀዶ ጥገናው በኋላ 6 ሳምንት ተለይቶ ይቆይ። ልጆቹም ከ4 ወር ዕድሜያቸው ጀምሮ ለስሪያ ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ የሚቀሩት ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ ከሆኑ የእነሱንም ቀዶ ጥገና ከዚያ በፊት ያስይዙ።